የሰሞነኛው ሳምንት

በሾላ ዳር ማርያም በዘመነ ጽጌ ቅዳሴ አይታጎልም። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ኅዳር ገብቶ የቁስቋም በዓል እስኪውል ድረስ፣ ጣና ቢናወጥም አገር ቢታወክም፣ በየቀኑ ደወል ይደወላል፤ በየቀኑ መሥዋዕት ይቀርባል። ሥርዓቱን ማን እንደ ጀመረው የሚያስታውስ ሽማግሌ በደብሩ የለም። አዲሱ መንግሥት የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ለገበሬ ማኅበር ባከፋፈለ ጊዜ፣ ካህናቱም እንደማንኛውም ገበሬ ሞፈር ጨብጠው ልጆቻቸውን ማሳደር በጀመሩ ጊዜ እንኳ፣ የጽጌ ቅዳሴ አንድ ቀን አልጎደለም። የሾላ ዳር ሰው ለእንግዳ የሚያሳየው ያማረ ጉልላት፣ የሚያስጎበኘው የብራና መጽሐፍ የለውም። የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ንዳድ ገባ።

እናትዓለም ወሬውን የሰማችው ባሕር ዳር ሆና ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ የመምሬ ወልደ ሐዋርያት ልጅ ናት። ጤና ረዳትነት ተምራ ከተመረቀች ወዲህ በከተማው ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ጋር በአንድ ግቢ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ጠዋት በፋብሪካው ፉጨት ትነሣለች። ማታ በዘንባባዎቹ ሥር አቋርጣ ስትመለስ ከሐይቁ ማዶ ያለውን የአገሯን ዳር በዓይኗ ትፈልጋለች። አይታይም። ቢሆንም ትፈልገዋለች።

አለቃዋ አቶ ዳኘው ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ፣ ነገር የማያስረዝም ሰው ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስጠራትና፣

«የሾላ ዳር ሰዎች ክኒኑን ይተፉታል አሉ። አባትሽ እዚያ ቄስ አይደሉ እንዴ?» አላት።

«ናቸው።»

«ክኒን ብቻውን ልኬ አልሆነም። እስቲ ደግሞ አንቺን ልላክ።»

በማግሥቱ ክኒን የሞላ ካርቶን በላስቲክ ጠቅልላ ወደ ቁንዝላ በምትሄደው የጭነት ጀልባ ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን በልቧ ስታሰናዳ ዋለች። ረግረጉን፣ ትንኙን፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚያልፍበትን መንገድ፣ እናቷ እንኳ በሚገባት አማርኛ አስተካክላ አስቀመጠችው። ቢያስረዱት የማይረዳ ሰው አለ ብላ አታምንም ነበር።

ቁንዝላ ላይ የጠበቃት አምሐ ነው። አምሐ የሾላ ዳር ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ከዚያ በፊት ግን የአባቷ ተማሪ ነበር፤ መዝሙረ ዳዊት ደግሞ፣ ዲቁና ተቀብሎ፣ ኋላ ዘመኑ ሲለወጥ መቋሚያውን ጥሎ ጠመንጃ አነገተ። ካርቶኑን ከጀልባው ተቀብሎ በትከሻው ላይ አስቀመጠው።

«እንኳን ደኅና መጣሽ፣ ጓድ እናትዓለም።»

«ጓድህ ማን ነው? ከእናቴ ጓዳ ንፍሮ ሰርቀህ ‹እታለም፣ አትናገሪብኝ› ስትለኝ እኮ ጓድ አልነበርሁም።»

አምሐ ፈገግ እንኳ አላለም። ጉንጩ ገብቷል። በሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ በረድፍ በቆመበት ጭቃማ መንገድ፣ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ፣

«ክኒኑን የሚተፉት በእኔ ምክንያት ነው» አላት።

«ምን አድርገህ?»

«ከወረዳ መጣልኝ። ዛሬውኑ ካልተዋጠ ተጠያቂው አንተ ነህ አሉኝ። ሰዉን የት ላግኘው? ቤት ለቤት ብሄድ በየጎታው ሥር ይሸሸጋል። ከቅዳሴ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።»

«ቆርበው ሲወጡ?»

«የቆረበም ነበረበት፤ ያልቆረበም ነበረበት።»

እናትዓለም ቆመች። «አምሐ፣ አንተ እኮ ዲያቆን ነበርህ።»

«ነበርሁ።»

ከዚያ በላይ እንዲናገር አላስፈለገም፤ የካህን ልጅ ናት። ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን እንኳ አይተፋም። አፉን በውኃ ተጉመጥሙጦ ይውጠዋል፤ ዝንብ እንዳይገባበት አፉን በነጠላ ይሸፍናል። አምሐ ደግሞ ውሎውን ሙሉ እህል ያልቀመሰውን ምእመን አሰልፎ ያን መራራ ክኒን በባዶ ሆዱ አስዋጠው። እማሆይ ወለተ ሩፋኤል የተባሉ አሮጊት መነኩሲት ገና ከመቁረባቸው በሩ ሥር ተንበርክከው አስመለሱ። ሰዉ ሁሉ እሪ አለ። መምሬ ወልደ ሐዋርያት ከመቅደስ ወጥተው መጡ። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ያንን አፈር በሁለት እጃቸው ፍቀው በቅርጫት ሰበሰቡት፤ በታንኳ ይዘውት ሄደው ከሐይቁ መሀል ጨመሩት።

«ለሕዝቡ ምንም አላሉም» አለ አምሐ። «ለእኔ ግን፣ ‹ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ቢሆን ባላዘንሁ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ቀና ብዬ አላየሁም።»

«አሁንስ ሰዉ ምን ይላል?»

«መምሬ ሲውጡ እንውጣለን ይላል። ሌላ ቃል የለውም።»

«ይዋጡላቸዋ።»

«ሰሞነኛ ናቸው፣ እናትዓለም።»

ይህም ማስረዳት የማያስፈልገው ነገር ነበር። ሰሞነኛ ቄስ ሳምንቱን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያድራል፤ ወደ ሚስቱ ቤት አይሄድም፤ ሲቀድስ በየቀኑ ይቆርባል። ሳምንቱ ሲያልቅ ተራውን ለሌላው ያስረክባል። ተረካቢው ቄስ ግን በጥቅምት መባቻ በንዳድ ሞቶ ተቀብሯል። ቅዳሴ ያለ አምስት አገልጋይ አይቀደስም፤ በደብሩ የቀሩት ደግሞ አባቷ፣ ከደቅ ደሴት የመጡት ሽማግሌው መነኩሴ አባ ገብረ ኪዳንና ሦስት ዲያቆናት ብቻ ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል የጽጌ ቅዳሴ ይቆማል። ስለዚህ የመምሬ ወልደ ሐዋርያት ሳምንት አላልቅ ብሎ ሌላ ሳምንት፣ ከዚያም ሌላ ሳምንት ተደረበበት።

ያገኘቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰሞነኞች በሚያድሩባት ጎጆ ደጃፍ ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ቢሆንም የቀኑ ሙቀት ገና ከድንጋዩ አልወጣም። እሳቸው ግን ሁለት ጋቢ ደራርበው ተከናንበዋል። መስቀላቸውን ዘረጉላት። ስትሳለም ግንባሯ ጣታቸውን ነካው።

«እጅዎ ይቃጠላል፣ አባባ።»

«ፀሐዩ ነው።»

«ፀሐዩማ እኔንም መትቶኛል። መቼ ጀመረዎት?»

እሳቸው መልሰው ስለ ጉዞዋ፣ ስለ ባሕር ዳር ኑሮዋ፣ ስለ ቤት ኪራይዋ ጠየቋት። ከዚያ በመንገድ ያሰናዳችውን ሁሉ ነገረቻቸው። አባቷ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ተማሪ አዳመጧት። ስትጨርስ፣

«አምናለሁ» አሉ። «ትንኙንም አምናለሁ፣ ክኒኑንም አምናለሁ። ክኒኑን የጠላሁት መስሎሽ እንደሆነ አይደለም።»

«እንግዲያው ማታ ማታ እህል ቀምሰው ይዋጡት። ሰዉ ይይዎት፤ ሌላ አልጠየቅሁም።»

«ቢያስመልሰኝስ? ያው በሆዴ ያደረ ቁርባን ነው። እኒያ እማሆይ በአንድ ቀን የደረሰባቸውን አይተሽ ቢሆን አትጠይቂኝም ነበር። ዛሬ ድረስ ከቤታቸው አይወጡም።»

«ሰው እየሞተ ነው፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። የምቀብረው እኔ አይደለሁም?» ድምፃቸው አልጨከነም፤ ደክሞ ነበር እንጂ። «ልጄ፣ ይህ ሕዝብ መሬቱ ሲሸነሸን ዝም አለ። ልጆቹን ለዘመቻ ሲወስዱበት ዝም አለ። ጠዋት ሲነሣ ግን ደወሉን ይሰማና ገና አልጠፋሁም ይላል። ያን አንድ ነገር በእኔ እጅ ልንጠቀው? ቁስቋም ሊደርስ ጥቂት ቀን ነው። በዓሉን ቀድሰን እንደወጣን በሕዝቡ ፊት እውጣለሁ። ቃሌ ነው።»

እናትዓለም የታመመ ሰው ገላ ታውቃለች። በዚያች ሰዓት መናገር የነበረባትንም ታውቅ ነበር። ነገር ግን በእኒህ ሰው ድምፅ ተኝታ፣ በእኒህ ሰው ድምፅ ነቅታ ያደገች ልጅ ናት፤ ቃላቸው ከእሷ ቃል የከበደ መሰላት።

«እሺ» አለች። «እስከ ቁስቋም።»

«መታመሜንም ለማንም አትናገሪ። ሕዝቡ በእግሬ ነው የቆመው።»

ይህንንም እሺ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጠበቅ ነበር። ክኒኑ በእናቷ ቤት፣ ከአልጋው ሥር፣ ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት ተቀመጠ። እናትዓለም በየቤቱ እየዞረች እርጥብ ጨርቅ በየግንባሩ ታደርጋለች፣ ውኃ ታጠጣለች፣ ከመውጣቷ በፊት ደግሞ ያንኑ ትጠይቃለች። የሚመልሱላት በትሕትና ነው። «መምሬ ይቅደሙን፣ እመቤቴ። ከእሳቸው በፊት እንዴት ብለን?» አንዲቱ አሮጊት ጉንጯን ዳብሳ፣ «አባትሽን የመሰለ መሪ ያለን ሰዎች ነን፤ ምን ያስቸኩለናል?» አለቻት። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ለቅሶ ትሰማለች፤ ከየትኛው ቤት እንደሆነ ለመለየት ቆማ ታዳምጣለች።

እናቷ እትዬ የብርጓል ምግብ ሠርተው ወደ ሰሞነኞቹ ጎጆ ለመምሬ ይልካሉ፤ ሳይነካ ይመለሳል። ተመልሶ ሲመጣ ድስቱን ይከፍቱታል፣ ይከድኑታል። ሁለቱም ሴቶች ስለዚያ ድስት አይነጋገሩም።

ቁስቋም ሳይደርስ፣ ደወሉ ተደውሎ ሰዉ ለቅዳሴ በተሰበሰበበት ረፋድ፣ አምሐ በግቢው በር ገባ። ጠመንጃ አልያዘም። በሁለት ክንዱ ላይ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ነበር። ሴት ልጁ የሺመቤት ናት፤ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ሰዉ ተከፍሎ አሳለፈው። መምሬ ወልደ ሐዋርያት ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ወደ መቅደስ ሊገቡ ደጃፉ ላይ ነበሩ።

«የኔታ» አለ አምሐ፣ «ቅዳሴ ሳይገባ ይፍቱልኝ።»

«መቼ ነው?»

«ሊነጋጋ ሲል። ከፊተኛው የተረፈ ክኒን ቤቴ ነበረ። በጄ ይዤው ነበር። እናቷ ናት። መምሬ ሳይውጡ ለልጄ አልሰጥም ብላ አጥብቃ ያዘቻት። በጉልበት ልንጠቃት አሰብሁ። በዚያን ቀን በበሩ ላይ ያደረግሁትን አስታወስሁና እጄን ሰበሰብሁ።»

መምሬ ወልደ ሐዋርያት የነጠላውን ጫፍ ገልጠው የሕፃኗን ፊት አዩ። ክርስትና ያነሷት እሳቸው ናቸው። እናትዓለም ከሴቶቹ በር በኩል ሆና ስታያቸው፣ ለመቆም ግድግዳውን ሲይዙ ተመለከተች።

ሕፃኗን ፈትተው ቀበሯት። ከመቃብሩ ሲመለሱ ግን ወደ መቅደስ አልገቡም። ከሾላው ጥላ ሥር ቆመው ካባቸውን አወለቁ፤ ተራ በተራ ልብሰ ተክህኗቸውን እያወለቁ ለዲያቆኑ አስረከቡት። በመጨረሻ ሰዉ ሁሉ በልብሰ ተክህኖና በጋቢ ብቻ ሲያያቸው የሰነበቱት ሰው በእጀ ጠባብ ቀሩ። ምን ያህል እንደ ከሱ ያን ጊዜ ታየ።

«ዛሬ ቅዳሴ የለም» አሉ።

አባ ገብረ ኪዳን ብቻ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ «መምሬ፣ አደራዎን» አሉ በዝግታ።

«አባቴ፣ አደራው ከብዶኝ አይደለም። ሥርዓቱን እንደጠበቅሁ አስብ ነበር። ለካ እናንተ ደግሞ እኔን ስትጠብቁ ነው።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ቅዳሴው ለሰው ነው። ሰው ካለቀ ባዶ ግድግዳ እቀድሳለሁ? ይህ በደል ከሆነ ከእኔ ላይ ይሁን፤ እናንተን አያግኝ። እህል የያዘ ሰው አለ?»

የጾም ቀን ነው፤ ሰዓቱም ገና ረፋድ ነው፤ እህል የያዘ ሰው አልነበረም። እትዬ የብርጓል ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው እየሮጡ ወደ ቤት ሄዱ፤ በሽሮ የተለወሰ እንጀራ ይዘው ተመለሱ። ባልና ሚስት ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊት ለፊት የተያዩ ያን ጊዜ ነው። መምሬ እንጀራውን ተቀብለው፣ በሕዝባቸው ፊት፣ ቆመው በሉ። እያንዳንዱ ጉርሻ እንዴት እንደሚወርድ ሁሉም ያይ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ለልጃቸው ዘረጉ።

እናትዓለም ክኒኑን ከመዳፋቸው አኖረችው። መዳፋቸው እንደ ፍም ነበር።

ዋጡት። «ከእኔ በኋላ ዋጡ እንጂ ከእኔ በኋላ አትሙቱ» አሉ፤ ተቀመጡም።

በዚያ ቀን ሰልፉ ከሾላው ተነሥቶ እስከ ሐይቁ ዳር ደረሰ። እማሆይ ወለተ ሩፋኤል እንኳ ተደግፈው መጡ። የክኒኑ ነገር ሦስት ቀን መሆኑን እናትዓለም ለእያንዳንዱ ነገረች፤ ትኩሳቱ ቢበርድ እንኳ ሦስተኛው ቀን ከቀረ በሽታው እንደሚያገረሽ ደጋግማ አስረዳች። በማግሥቱም ሁሉም መጡ። አንዳንዱ ልጅ መሳቅ ጀምሮ ነበር።

መምሬ ወልደ ሐዋርያት በማግሥቱ የመጡት በሁለት ሰው ተደግፈው ነው። የሁለተኛውን ቀን ክኒን ሲውጡ ማን እንዳጎረሳቸው አላወቁም። ሰሞናቸው አልቆ ወደ ገዛ ቤታቸው ተወሰዱ፤ ከሳምንታት በኋላ በሚስታቸው አልጋ ላይ ተኙ። በዚያው አፋቸው ተያዘ። እናትዓለም የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ የምታውቀው ጥቂት እንደሆነም አወቀች። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አረፉ።

እትዬ የብርጓል አልጮኹም። የባላቸውን ዓይን ከደኑ፣ አገጫቸውን በጨርቅ ደግፈው አሰሩ። ከዚያ ልጃቸውን ሳያዩ፣

«በእጅሽ አጎረስሻቸው» አሉ።

እናትዓለም አፏን ከፈተች። ያሰናዳችው አማርኛ ሁሉ የለም። በሽታው ቀድሞ ወደ ጭንቅላታቸው እንደወጣ፣ መድኃኒቱ የደረሰው ከመሸ በኋላ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ለማን ትናገረው? ወደ ደጅ ወጣች። ወሬው ቀድሟት ወጥቷል። ግማሹ ሰው ክኒኑ ገደላቸው ይላል፤ ግማሹ ቅዳሴ ስላስታጎሉ ተቀሠፉ ይላል። በሁለቱም መንገድ ያው ነው፤ የሦስተኛውን ቀን ክኒን የሚነካ አይኖርም።

አምሐ አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር፤ ጠመንጃውን ዳግም አንግቷል።

«ዛሬ ካልዋጡ ምን ይሆናል?» አላት።

«ያገረሻል። የዳነው ሁሉ ተመልሶ ይተኛል።»

«እንግዲያው በሩን እይዘዋለሁ። የሚጠላኝ ይጥላኝ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?»

«አታደርገውም» አለች። «በዚያ መንገድ የተጀመረው ነው እዚህ ያደረሰን። ጠመንጃውን ቤትህ አስቀምጠህ መቃብር ቆፍር።»

ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሄደ።

ቀትር ላይ የመምሬ ወልደ ሐዋርያት ሬሳ በቃሬዛ ተይዞ ከሾላው ሥር ዐረፈ። ከቁንዝላም፣ ከየሐይቁ ዳርም ሰው መጥቶ ነበር። በአገሩ ደንብ የሟች ሴት ልጅ ከለቅሶው ራስ ላይ ናት፤ ነጠላዋን በወገቧ አሥራ፣ ደረቷን እየመታች፣ አልቃሾቹ የሚያወርዱላትን ግጥም ተቀብላ አባቷን ታስለቅሳለች። ሁሉም እሷን ይጠብቅ ነበር። እናትዓለም ግን ካርቶኑን ታቅፋ፣ በሌላ እጇ የውኃ ጣሳ ይዛ መጣች። ጉርምርምታ ተነሣ። አንዷ ሴት፣ ለመሰማት ያህል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ከተማ የኖረ ሰው እንባው ይደርቃል» አለች።

«ፍትሐቱ ሳይጀመር» አለች እናትዓለም፣ «የዛሬውን ክኒን ዋጡ። አባቴ ታመው የሰነበቱት ክኒኑን ሳይነኩ በፊት ነው። ከባሕር ዳር በመጣሁ ቀን ገላቸው ይነድ ነበር። እስከ ቁስቋም ልቆይ አሉኝ፤ እሺ አልሁ። አትናገሪ አሉኝ፤ አልተናገርሁም። ብናገር ኖሮ ምናልባት ዛሬ እዚህ አንቆምም ነበር።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሙት አባቷን በሕዝብ ፊት የደበቀ ሰው አድርጋ መናገሯ ከክኒኑ ይልቅ አስቆጣቸው። አንድ ሽማግሌ ፊቱን አዞረ። አባ ገብረ ኪዳን ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው መጽሐፉን ከፍተው ዘጉ።

እትዬ የብርጓል ከቃሬዛው ራስጌ ተነሡ። ፀጉራቸው አመድ ለብሶ ነበር። በሕዝቡ መካከል ቀስ ብለው መጥተው ከልጃቸው አጠገብ ቆሙ።

«ልጄ እውነቷን ነው» አሉ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «ከሷም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ጋቢ አልበቃ ብሏቸው ሁለተኛውን ሲያስልኩኝ፣ በዚህ ሙቀት ሁለት ጋቢ የሚደርብ ጤነኛ እንደሌለ አውቄያለሁ። የሰደድሁት ምግብ ሲመለስ አውቄያለሁ። ክብራቸው ነው ብዬ ዝም አልሁ። እናንተስ? በየቀኑ መስቀላቸውን ትሳለሙ የለም? እጃቸው ሲነድ የነካው የለም? ሁላችን አውቀን ነው። ቅዳሴው እንዳይጎድልብን አንድ ሰው አነደድን።»

ወደ እናትዓለም ዞሩ። «የዛሬው ስንት ነው?»

«ሁለት ነው፣ እማዬ።»

«አምጪ።»

ዋጡ። ውኃውን ጨለጡ። ከዚያ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ለሕዝቡ ሁሉ አሳዩ።

«አሁን ልታለቅሱላቸው ትችላላችሁ» አሉ። «የዋጠ ያልቅስላቸው። ያልዋጠ ግን በባሌ ሬሳ ላይ አያልቅስ፤ ይውጣልኝ።»

በሾላ ዳር ከለቅሶ ተባርሮ የሚያውቅ ሰው የለም። በደም የተቃቃረ እንኳ ለለቅሶ ይቀመጣል። ፊቱን አዙሮ የነበረው ሽማግሌ ጥቂት ቆመና ወደ ጣሳው መጣ። ቀጥሎ ቅድም የተናገረችው ሴት መጣች፤ እናትዓለምን ቀና ብላ ሳታይ ተቀብላ ዋጠች፤ ከዚያ ነጠላዋን በወገቧ አሥራ ወደ ቃሬዛው ሄዳ የመጀመሪያውን ዋይታ አወጣች።

እንዲህ ሆነ። አንድ አንዱ እየዋጠ ወደ ለቅሶው ሲገባ፣ ለቅሶው ከአንድ ሰው ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ብዙ እያደገ፣ ግቢውን ሞላው። እናትዓለም ጀርባዋን ለቃሬዛው ሰጥታ ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ክኒን ትሰጣለች፣ ውኃ ታጠጣለች፣ አፍ አስከፍታ ታያለች። ከበስተጀርባዋ የአባቷን ስም ይጠራሉ። በልጅነቷ ስለ ተሸከሟት ትከሻቸው፣ ስለ ድምፃቸው፣ ድሃ ሳይለዩ ስለ መቅበራቸው አልቃሾቹ ሲደረድሩ ትሰማለች። ቃሉ ደርሶ ልቧን ሲነካ ጣሳውን በሁለት እጇ ትይዘዋለች። የሚጠብቃት ሰው ገና ብዙ ነው። ወደ ሕሙማኑ ቤትም ገባች፤ ከአልጋቸው መነሣት ያልቻሉትን በየጎጆው እየዞረች አስዋጠቻቸው። ከመጨረሻው ቤት ስትወጣ ለቅሶው ቀዝቅዞ ነበር።

ወደ ግቢው ስትመለስ ከሾላው ሥር ቃሬዛ የለም። በቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ በኩል አምሐ ብቻውን አካፋ ተደግፎ ቆሟል።

«ላስቆማቸው ሞክሬ ነበር» አላት። «አባ ገብረ ኪዳን ከዚያ በላይ መቆም አቃታቸው። ሰው ይዟቸው ነው ፍትሐቱን የጨረሱት።»

«እናቴስ?»

«ሴቶቹ ወስደዋቸዋል። ሲሄዱ አንቺን ጠየቁ። እያስዋጠች ነው አልኋቸው።»

«ምን አለች?»

«ምንም።»

መቃብሩ ከሞላ ጎደል ተደፍኗል። በራስጌው በኩል አምሐ ሆን ብሎ የተወው ጎድጓዳ ቦታ ነበር፤ ከአጠገቡ የአፈር ቁልል። አካፋውን አልሰጣትም፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ። እናትዓለም ተንበርክካ አፈሩን በእጇ አነሣች። ጥቁርና እርጥብ ነበር። ሞላችው። መጮኽ ፈለገች፤ ደረቷ ውስጥ የተጠራቀመው ነገር ግን መንገድ አላገኘም። ከማንም ጋር ሳታለቅስ የቀበረችው አባቷን መሆኑን ያመነችው ጣቶቿ ሲቀዘቅዙ ነው።

«እታለም» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ። የአንዲት እናት ነው። «ልጄ ክኒኑን አስመለሰችው። ወጥቶባታል። ምን ላድርግ?»

የተመለሰ ክኒን እንደገና መዋጥ አለበት። እናትዓለም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች።

«መጣሁ» አለች። «መጀመሪያ ትንሽ እንጀራ አቅምሻት።»